ጋሽ ጠብታ እና ዓይን የማያየው ዘይት

ሲጥ የሚል በር ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። እኛ ሕንፃ የለም ብላችሁ እንዳትጽናኑ፤ ወይ ገና አልደረሰባችሁም፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። እንዲህ ያለ ሰው እጁን ሲዘረጋ ሊጨብጣችሁ መስሏችሁ እናንተም ትዘረጋላችሁ፤ የእሱ እጅ ግን እናንተን አልፎ የበራችሁን ማጠፊያ ይዳብሳል። ጤናችሁን ይጠይቃል፤ መልሱን የሚጠብቀው ግን ከበሩ ነው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ክቡር ጋሽ ጠብታ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ብቻ ናቸው። ሕንፃው የማተሚያ ቤታችን ሠራተኞች መኖሪያ ነው፤ አራት ፎቅ፣ አንድ ደረጃ፣ ሃያ አራት በር። እሳቸው የማተሚያ ቤቱ መካኒክ ናቸው፤ እኔ አራሚ ነኝ። እሳቸው ማሽን እንዳይሳሳት ይጠብቃሉ፣ እኔ ደግሞ ሰው የተሳሳተውን እለቅማለሁ። ሁለታችንም የምንታወሰው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው።

እዚህ ሕንፃ በገባሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዕቃዬን ከካርቶን ሳላወጣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቀጠን ያሉ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰው ቆመዋል። እንኳን ደህና መጣህ ሳይሉኝ በሩን ከእጄ ተቀብለው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ እንደገና ከፈቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሐኪም የበሽተኛ ደረት የሚያዳምጥ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የጣት ቁመት ያላት፣ አፍንጫዋ እንደ መርፌ የቀጠነ ጣሳ አወጡና ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አደረጉ። አንድ ብቻ። በሩን ሦስት ጊዜ ወዘወዙት። ከዚያ ጨርቅ አወጡና ያችኑ ጠብታ ጠረጓት።

እኔም አላርፍ ብዬ፣ መልሰው ከጠረጉት ለምን ቀቡት አልኳቸው። ይህን ጥያቄ ለጋሽ ጠብታ ማቅረብ ቧንቧ ከፍቶ ከቤት እንደመውጣት ነው። ካርቶን ላይ ተቀመጡ፤ ብርጭቆዎቼ ያሉበት ካርቶን ነበር።

«ዘይት ከታየ በዝቷል» አሉ።

ይህቺን አረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ትንታኔዋ አንድ ሰዓት ትወስዳለች፤ እኔ ላሳጥርላችሁ። የሚታየው ዘይት አቧራ ይጠራል፤ አቧራና ዘይት ተለውሰው ብረት የሚበላ ነገር ይወጣቸዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከብረቱ ገላ ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ስስ ሽፋን ነው፤ ዓይን አያየውም፣ ጣት አያገኘውም። ብረት ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ ቀርቦ ለሚያየው ተራራና ገደል ነው፤ ሁለት ብረት ሲነካካ ተራራው ከተራራው ይፋጫል። ያ ስስ ሽፋን መሃል ገብቶ ይገላግላል። ይህን ሁሉ ብለው፣ የመስኮቱንም የቁም ሳጥኑንም ማጠፊያ ቀብተውና ጠርገው ሲወጡ ሁለት ብርጭቆ ተሰብሮብኝ ነበር። በሩ ግን ከኋላቸው ሲዘጋ መዘጋቱን በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ዞሬ አይቼ ነው ያረጋገጥኩት።

ባለቤታቸው የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ጊዜ የሆነውን ሕንፃው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጋሽ ጠብታ ለጥየቃ ሄዱ፤ አልጋው ተሽከርካሪ ነው፤ ጎማዎቹ ሲጥ ሲጥ ይላሉ። ነርሷ ዞር እስክትል ጠብቀው አራቱንም ጎማ ቀቡና ጠረጉ፤ ማቆሚያውንም ጭምር፣ እሱንም ሲያዩት ደርቆ አሳዝኗቸው። ባለቤታቸው ማታ ለመብራት ማጥፊያው እጃቸውን ሲዘረጉ አልጋው ተነሥቶ ሄደ። በክፍሉ በር አልፎ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ፣ የእንግዳ ማረፊያው ወንበር ዘንድ ደርሶ በእርጋታ ቆመ። ሴትዮዋ ዛሬም ሲያወሩት እንዲህ ይላሉ፦ «እኔን ሊጠይቅ መጣ እንዳትሉኝ። አልጋዬን ሊጠይቅ ነው የመጣው።»

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ዘይት ስትሰጥ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። የስፌት መኪናዋን ጠዋት ጠዋት እንደ ሕፃን ታጥባት ነበር ማለት ይቻላል። ጋሽ ጠብታ ደረጃው ላይ ባገኟት ቁጥር ይመክሯታል፤ እሷም ከቤቷ ደጃፍ እንዳይደርሱ አገደቻቸው። እገዳው የጸናው አንድ የሙሽራ ቀሚስ ከደረቱ እስከ ጫፉ የዘይት መንገድ እስኪወጣለት ድረስ ነው። ያን ቀን ራሷ ወርዳ ጠራቻቸው። ሲመጡ ምን እንዳሏት መናገር ያስፈልገኛል?

ከሁሉ የሚወዱት ግን ሁለቱን ብረቶቻቸውን ማሳየት ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ፣ እንደ መስታወት የተወለወሉ ሁለት የመለኪያ ብረቶች ናቸው፤ በቱታቸው የግራ ኪስ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ይኖራሉ። አንዱን ዘይት በነካ ጣት ይቀቡታል፣ ያንኑ መልሰው ይጠርጉታል፣ ከዚያ ሁለቱን አፋትገው ያጣብቋቸዋል። «እስቲ አላቅ» ይላሉ። ጠራዡ፣ መቶ መጽሐፍ ባንድ እጁ የሚያነሣው ጎረምሳ፣ ደረጃው ላይ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ጎትቶ አቅቶታል። ብዙ ዘይት ስታደርግበት ይንሸራተታል፣ እንዲህ ሲቀጥን ግን ይይዛል ይሉ ነበር ጋሽ ጠብታ። ለምን ሲባሉ ግን ብረቶቹን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ፣ ዘይት ሲቀጥን ጠባዩ ይለወጣል፣ አለቀ፣ ብለው ይሄዱ ነበር። የማያውቁት ነገር ሲመጣ «አለቀ» ማለት ልማዳቸው ነው።

አዲሷ ኢንጂነር ወደ ማተሚያ ቤታችን የመጣችው የትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚታተሙበት ወቅት ሲደርስ ነው። ወጣት ናት፤ የተማረችውም ይኸው የመፋተግና የማለስለስ ነገር ነበር። ጋሽ ጠብታ ይህን ሲሰሙ ለፈተና አቀረቧት፤ ሠራተኛው ሁሉ ሻዩን ይዞ ከቧቸዋል። ሁለቱን ብረቶች አጣብቀው ሰጧት። እሷ አልጎተተችም። ወደ ጎን ገፋ አደረገቻቸውና ለያየቻቸው።

ከዚያ ለጋሽ ጠብታ ነገረቻቸው። ዘይት ወፍራም ሲሆን በየአቅጣጫው እንደሚተራመስ ሕዝብ ነው፣ ይፈስሳል፤ በሁለት ብረት መሃል እየሳሳ ሄዶ ጥቂት ተራ ብቻ ሲቀር ግን ቅንጣቶቹ እንደ ተማሪ ይሰለፋሉ። መላወሻ ያጣሉ። ያኔ ፈሳሽ መሆኑ ይቀርና እንደ ጠጣር ነገር ይይዛል። በጣም ሲገፉት ሰልፉ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፣ ይንሸራተታል፣ ወዲያው ደግሞ መልሶ ይሰለፋል። ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል፤ በር ሲጥ የሚለውም እንዲሁ መያዝና መልቀቅ ሲፈራረቅ ነው።

ጋሽ ጠብታ ዝም አሉ። እኔ ባወቅኳቸው ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ «አለቀ» ዝም ሲሉ ያየሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት በማተሚያ ቤቱ በር ስገባ ለጥበቃው የተማሪዎቹን ሰልፍ አንድ በአንድ ሲያስረዱት ደረስኩ፤ «እኔ ሁልጊዜ እንደምለው» ብለው ነበር የጀመሩት።

አሁን ወደ ትልቋ ልውሰዳችሁ። ትልቋ የምንላት ዋናዋን የማተሚያ ማሽን ነው። እሷን ለሃያ ሁለት ዓመት የያዟት ጋሽ ጠብታ ናቸው። የትልቁ ዘንጓ ሁለት ጫፍ የተቀመጠው በሁለት የነሐስ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ በላይ ዘይት የያዘ ብርጭቆ ተገጥሟል፣ ከብርጭቆው ሥር ጠብታውን የምታበዛና የምታሳንስ ትንሽ ብሎን አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በደቂቃ ሦስት ጠብታ ነበር። ኢንጂነሯ መጻሕፍቱ ትምህርት ሳይከፈት እንዲደርሱ ብላ የትልቋን ፍጥነት ጨመረች፤ ጠብታውንም ስምንት አደረገችው። ጋሽ ጠብታ ስምንት ሲባል እንደተሰደበ ሰው ነበር የሆኑት፤ ቢሆንም ታዘዙ። ለምን ስምንት እንደሆነ እሷ አልነገረቻቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ሁለቱም ማወቅ ያለበት የሚያውቅ መስሏቸው ነበር።

እዚህ ላይ እኔ እገባለሁ፤ ባልገባ ደስ ባለኝ።

በስምንት ጠብታ ዘይቱ ከኩሽኔታው ጫፍ እየተፈናጠረ ወረቀት ላይ ያርፍ ጀመር። ከመቶው ገጽ አንዱ ላይ ነው፤ ግን እኔ አራሚ ነኝ፣ ከመቶው የምፈልገውም ያችኑ አንዷን ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር የምናትመው። ካርታው ላይ፣ በረሃ ሊሆን የሚገባው ቦታ፣ አንድ ቆንጆ ክብ ሐይቅ ተፈጥሮ አገኘሁት። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩና ለጋሽ ጠብታ አሳየኋቸው። በማግስቱ ሁለተኛ ሐይቅ ይዤ ወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ምንም አላልኩም፤ ወረቀቱን የመሣሪያ ሳጥናቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አያችሁ፣ ሰው አንዳንዴ ዝም ብሎም ይነዘንዛል።

ጋሽ ጠብታ ወረቀቱን አዩት። ብሎኗን አጠበቁ፤ ስምንቱ ሦስት ሆነ። ሐይቁም ደረቀ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ሐሙስ ረፋድ፣ ፎቅ ላይ ባለው ማረሚያ ክፍሌ ተቀምጬ ሳለሁ ትልቋ ስታቃስት ሰማሁ። ከዚያ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት መጣ፣ ከዚያም ምንም። በማተሚያ ቤት ዝምታ ከጩኸት የባሰ ያስደነግጣል። ስወርድ አዳራሹ በተቃጠለ ዘይት ጢስ ተሞልቷል፤ ዘንጉ ኩሽኔታው ውስጥ ነክሶ ቀርቷል፣ ነሐሱ እንደ ቅቤ ቀልጦ ብረቱ ላይ ተለስኗል። ኢንጂነሯ ተንበርክካ ብርጭቆውን አየችና ጠብታውን ቆጠረች። ሦስት መሆኑን ድምፅዋን ሳታሰማ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ሥራ አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ግን አንድ ሰው እጁ ላይ ካላገኘ መተንፈስ ያቅተዋል። መጀመሪያ ያገኘው ትልቋን የሚያንቀሳቅሰውን ማሽኒስት ነው። ማሽኒስቱ በየጠዋቱ ጠብታው ስምንት መሆኑን አይቶ መዝገብ ላይ መፈረም ነበረበት፤ ፈርሟል፤ ግን አልቆጠረም። ማንም አይቆጥርም ነበር። መንታ ልጆች የተወለዱለት ገና በዚያው ወር ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊቱ ጭራሽ አመድ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ሁሉ ፊት መዝገቡን እየገለጠ፣ የፈረመው የእሱ እጅ ከሆነ ነገ እንዳይመጣ ነገረው።

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እጄ ላይ የያዝኩት የማረሚያ ወረቀት ይታየኛል። ልናገር አልኩ፤ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ጋሽ ጠብታ ከትልቋ ሥር ወጡ። ለካ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ እሳቸው ኩሽኔታውን በእጃቸው ሲዳብሱ ነበር፤ መዳፋቸው ተቃጥሎ ቀልቷል። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሙ።

«ልጁን ተወው። ብሎኗን ያጠበቅኳት እኔ ነኝ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። ማን እንዳዘዛቸው ጠየቃቸው።

«ማንም አላዘዘኝም። ዘይቱ የበዛ መሰለኝ፤ ተሳሳትኩ።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አንዴም አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የዘይት ክፍሉን ቁልፍ ተቀብሎ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ቤታቸው እንዲቆዩ ነገራቸው። ቱታቸውን ሳይቀይሩ ወጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው በዓይናቸው ወደ ውስጥ ጠቆሙኝ። ጋሽ ጠብታ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ። የወጥ ቤቱ በር በነፋስ ሲጥ አለ፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ባለቤታቸው በሹክሹክታ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሰውዬ ምነው አንድ ቀን ባረፈ ስል ኖሬ ይኸው አረፈ፣ አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ከፊታቸው ተቀምጬ፣ ይህን ነገር ያመጣሁት በወረቀቴ ነው፣ ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው።

«አንተ ያየኸው ወረቀትህን ነው፤ ማየት ያለብህም እሱን ነው» አሉ። «እኔ ማየት የነበረብኝ ዘንጉን ነው። ማጠፊያና ዘንግ አንድ መሰሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ።»

ይህን ብለው እጃቸውን ወደ ማየት ተመለሱ። እንዲያ አንገታቸውን ከሚሰብሩ አንድ ሰዓት ቢሰብኩኝ፣ የቀሩትን ብርጭቆዎቼንም ቢሰብሩልኝ በወደድኩ።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሯ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። የነገሩን ሳቢያ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል፤ ከጋሽ ጠብታ የመሣሪያ ሳጥን ያገኘቻቸውን ሦስቱን ሐይቆቼን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ከኅዳጉ ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ታውቅ ነበር፤ እስክመጣ ነበር የምትጠብቀው። ከዚያ ግን የተናገረችው ስለ እኔ አልነበረም። ዘንግ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ሊነሣም ሊቆምም ሲል፣ የሚጠብቀው የጋሽ ጠብታ ስስ ሽፋን ነው፤ ስለ በር ያሉት በሙሉ ልክ ነው አለችኝ። በፍጥነት ሲዞር ግን ዘንጉ ዘይቱን ከሥሩ እየሳበ አስገብቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ በጎን ይሾልካል፤ የሾለከውን ቶሎ ቶሎ ካልተኩለት መንሳፈፉ ይቀርና ብረት ብረት ላይ ይወድቃል። ስምንቱ ለዚህ ነበር። እና ይህን፣ አለች፣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለእሳቸው ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተቀምጬ አልነገርኳቸውም።

ሪፖርቱን እሷ ጻፈችው። አራት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ፦ ለጋሽ ጠብታ፣ ላልቆጠረው ማሽኒስት፣ ለእኔ፤ አራተኛውን ኢንጂነሯ ለራሷ ጻፈችና ራሷ ፈርማ ተቀበለች። ሥራ አስኪያጁ እጁ ላይ አራት ሰው ስላገኘ በደንብ ተነፈሰ፣ ማንንም አላባረረም። አዲስ ኩሽኔታ ተሠራ፤ ዘይቱ እንዳይፈናጠር ከጎኑ የቆርቆሮ ከለላ ተገጠመለት፣ ይህንን ከመጀመሪያው ማድረግ ይቻል ነበር። መጽሐፉ ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ተማሪዎቹ ያለ ጂኦግራፊ ትምህርት ጀመሩ፤ በጣም ያዘኑ አይመስለኝም።

ጋሽ ጠብታም ወደ ሥራ ተመለሱ። ትልቋን ከኢንጂነሯ ጋር ያዟት፤ ጠብታውን ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚቆጥሩት እሳቸው ሆኑ። የደረት ኪሳቸው ግን ባዶ ነበር። የሕንፃችን የውጭ በር ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ውሻ ያላዝናል፤ አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቡ ያልፋሉ። አንድ ቀን የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ ይቺን በር አላዩልኝም ቢላቸው፣ ባለሙያ ጥራ አሉት። ይህ ወሬ በአንድ ቀን አራቱንም ፎቅ አዳረሰ፤ ሰው የታመመ ያህል ነበር የምንነጋገረው።

ያኔ ነው እኔ በሬን ላስጮኸው የወሰንኩት።

ቀላል መስሎኝ ነበር። የማጠፊያውን ዘንግ በመዶሻ አውጥቼ በጨርቅ ጠረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩ። በሩ ግን እንደ ድመት ያለ ድምፅ ሄደ። ኢንጂነሯን ብረት ላይ የቀረ ዘይት እንዴት ይለቃል ብዬ ጠየቅኳት። ለምን ፈለግከው ስትለኝ ለጥናት አልኳት። እያየችኝ፣ የመጨረሻዋ ሽፋን በመጥረግ አትለቅም፤ ብረቱ ራሱ ነው የያዛት አለች። ላምባ አለች፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ፍል ውሃ።

በመጀመሪያው ቀን በላምባ አጠብኩት፤ ዝም። በሁለተኛው ቀን ላምባና ሳሙና፤ ዝም። በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ማጠፊያ አውጥቼ ፍል ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ አደረቅኳቸው፣ ገጠምኳቸው፣ ከዚያ እዚያው ቆሜ በሩን መክፈትና መዝጋት ያዝኩ። ክንዴ ዝሎ ልተወው ስል አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ሲጥ። እንደዚያ ደስ ያለኝ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ቀን ብቻ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ ጠብታ ዳቦ ገዝተው ደረጃውን ሲወጡ ጠብቄ በሩን አንድ ሠላሳ ጊዜ ወዘወዝኩት።

እግራቸው ቆመ። ከዚያ አልፈውኝ ወደ ላይ ወጡ። በቃ አልተሳካም ብዬ በሩን ልዘጋ ስል ተመልሰው ሲወርዱ ሰማሁ፤ ዳቦውን ቤታቸው አስቀምጠው ነው የመጡት። በሬ ላይ ቆሙ፣ በሩን ከእጄ ተቀበሉኝ፣ ወደ ማጠፊያው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ላምባ» አሉ።

የላምባውን ጠርሙስ በእግሬ ከበሩ ኋላ ገፋ አደረግኩት።

«ልብስ ሰፊዋ በዱቄት ሳሙና ነው ያጠበችው። ጥበቃው አሸዋ ጨመረበት። ጠራዡማ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ብረቱን ጎዳው፤ እሱን አልረሳለትም።» ቀና ብለው አዩኝ። «የናንተ ነገር። ከትናንት ጀምሮ ይህ አራተኛው በር ነው።»

ሌሎቹም ይህንኑ ማሰባቸውን እኔ አላወቅኩም ነበር፤ እነሱም የእኔን እንዳላወቁ ኋላ ነው የሰማሁት። ሃያ አራት በር ባለበት ሕንፃ አራት ሰው ተደብቆ የገዛ በሩን ሲያበላሽ ነበር የሰነበተው።

ጋሽ ጠብታ ጣሳዋን አወጡ። አንድ ጠብታ ጣል አደረጉ፤ በሩን እያወዛወዙ፣ ለመሆኑ እስኪጮህ ስንት ቀን ፈጀብህ ብለው ጠየቁኝ።

«ሦስት ቀን» አልኳቸው።

ጨርቃቸውን ሊያወጡ የሰደዱት እጅ ኪሳቸው ውስጥ ቆየ።

«በላምባም?»

«በላምባም፣ በሳሙናም፣ በፍል ውሃም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው በሩን አንዴ ገፋ፣ አንዴ ሳብ አደረጉት።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «በደንብ ነው የቀባሁት።»

ከዚያ ገብተው ተቀመጡና ስለ ቀጭን ዘይት ያወሩኝ ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት ቆዩ። ለሰኞ የሚደርስ ሁለት መቶ ገጽ እርማት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ሁለተኛ ሻይ ጣድኩ።